ወይዘሮ ሰባት በመቶ

እትዬ ሐዋ ማረፋቸውን የሰማሁት ደሴ፣ አሁን በምሠራበት የሕንፃ መሣሪያ መደብር በር ላይ ቆርቆሮ እያስጫንኩ ሳለ ነው። የደወለልኝ ሐይቅ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። «ሰለሞን፣ ሴትዮዋ ሄዱ» አለኝ። ማን ብዬ አልጠየቅሁትም። በእኛ ፋብሪካ ስም ሳይጠራ «ሴትዮዋ» የሚባሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቆርቆሮውን ለሌላ ሰው ትቼ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሐይቅ ስደርስ ጀናዛው ከቤት እየወጣ ነበር። የሰውን ብዛት አይቼ በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የሞተ መሰለኝ። ባጃጅ ነጂዎች ባጃጃቸውን በመንገዱ ዳር ደርድረው ቆመዋል፤ ከሐይቁ ዓሣ አጥማጆች መጥተዋል፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም ሁለት አባቶች መቋሚያቸውን ይዘው ከሰዉ መሐል ይሄዳሉ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ደግሞ የሚወራው ሁሉ እትዬ ሐዋ እያንዳንዱን እንዴት እንደተቆጡት ነው። አንዱ «እኔንኮ ገበያ መሐል አቁመው ጮኹብኝ» ሲል፣ ሌላው «ያንተ ምኑ ነው፣ እኔን ሠርጌ ላይ!» ይላል። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም። ልጃቸው እንኳ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።

እትዬ ሐዋ የፋብሪካችን የደመወዝ ሠራተኛ ነበሩ። ፔሮል የሚሠሩት እሳቸው፣ ገቢዎች የሚመላለሱት እሳቸው፣ ሠራተኛ ሲቀጠር ፎርም የሚያስሞሉት እሳቸው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ጠረጴዛቸው ጋ ሲቀመጡ ከፋይሉ ክምር በላይ የሚታየው ሻሻቸውና መነጽራቸው ነው። ቢሯቸውን ከወፍጮው የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ዱቄቱ በየት እንደሚገባ ሳይታወቅ ይገባና እስከ ቀትር ቅንድባቸው ነጭ ይሆናል። እስክሪብቶ የሚሰኩት ሻሻቸው ውስጥ ነው። ሦስት ሰክተው አራተኛ ሲፈልጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ድምፃቸው ሌላ ጉድ ነው። ከወፍጮ ጋር እየተፎካከሩ ስለኖሩ ማንሾካሾክ አይችሉም። «የሰው ደመወዝ ምስጢር ነው» ይሉና ይህንኑ ሲሉ ግቢው በሙሉ የማን ደመወዝ እንደሆነ ይሰማል።

እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩ በወሩ ደመወዜን ስቀበል ጎደለብኝ። ወደ ቢሯቸው ገባሁ።

«እትዬ፣ ደመወዜ ጎድሏል።»

«አልጎደለም። ና ቁጭ በል።» ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። «ይኼ የሥራ ግብር ነው። ለመንግሥት ይሄዳል፤ መንገድ ይሠራበታል፣ ወይም አይሠራበትም፣ እኔን አትጠይቀኝ። ይኸኛው ግን ጡረታ ነው። ኸመቶ ብር ኻንተ ሰባት፣ ኸሱ...» ጣታቸውን ወደ ባለ ፋብሪካው ወደ አቶ ተሾመ ቢሮ ቀሰሩ፤ «ኸሱ ዐሥራ አንድ። የሱ ዐሥራ አንድ ያንተን ደመወዝ አይነካም፣ ኸራሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ዐሥራ ስምንቱ ባንድ ላይ ለጡረታ ፈንድ ይገባል፤ የሠራኸው ዘመን በስምህ ይመዘገባል። ዐሥር ዓመትና ኸዚያ በላይ አገልግለህ ስልሳ ሲሞላህ እስክትሞት በየወሩ ይከፈልሃል። ብትሞት፣ አላህ አያድርገውና፣ ለሚስትህና ለልጆችህ ይከፈላል።»

«እኔ ሚስት የለኝም እኮ።»

«ግዴለም፣ እስክትመጣ ይጠራቀማል።»

አዲስ የገባ ሁሉ ይህን ትምህርት ይወስዳል። ከወር በኋላ ድንገት ኮሪደር ላይ ያገኙትና «ኻንተ?» ይሉታል። «ሰባት» ማለት አለበት። «ኸሱስ?» «ዐሥራ አንድ።» ያልመለሰ ሰው እንደገና ቁጭ ብሎ ይማራል።

ከሠራተኛው ሁሉ ይህ ነገር የማይዋጥለት ይማም ነበር። ይማም የወፍጮው ኦፕሬተር ነው፤ የአምባሰል ልጅ፣ ረጅም፣ ራሱ መላጣ፣ ድምፀ መረዋ። ማሽኑን አቁሞ ሲያጸዳ በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉር ጫኝና አውራጁ ከረጢቱን ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆሞ ያዳምጠዋል። እናም ይማም «ጡረታ ለቢሮ ሰው ነው፤ እኔ ስልሳ ዓመት የምደርስ ይመስላችኋል?» ይል ነበር።

አንድ ሰሞን ኑሮው ሲከብድ ይማም አንድ ሐሳብ አመጣ። ጡረታ የሚቆረጠው ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው፤ ከአበል ላይ አይቆረጥም። ታዲያ ደመወዛችን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አበል ተብሎ ቢጻፍ እጃችን ላይ የሚደርሰው ይጨምራል። ሁላችንም ደስ አለን። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ። አቶ ተሾመ ደግሞ ከእኛ ይበልጥ ደስ አላቸው፤ በግማሹ ደመወዝ ላይ ዐሥራ አንዱ ይቀርላቸዋላ። ወረቀቱን ይዘው እትዬ ሐዋ ቢሮ ገቡና «ይኸው፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ከዚህ ወር ጀምረሽ እንደዚህ ሥሪው» አሏቸው።

እትዬ ሐዋ አንብበው «ማነው ይህን ያሳመረ?» አሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ከዚያ በምሳ ሰዓት ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰበሰቡን። አቶ ተሾመም ከቢሯቸው በር ላይ ሆነው ያዳምጣሉ።

«ይማም፣ ቅሬ ትከፍላለህ?» አሉ።

እኛ አገር ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ለመቅበርና ለማስተዛዘን በየሰፈሩ የሚዋጣበት ማኅበር ነው።

«እከፍላለሁ እንጂ፣ እትዬ።»

«ስንት ዓመት ከፈልክ?»

«ኸሃያ አያንስም።»

«ስንት ጊዜ ሞትክ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ይማምም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ይኼም ያው ነው። ሁላችንም እናዋጣለን፤ ክፉ ቀን ቀድሞ የመጣበት ቀድሞ ይወስዳል። ልዩነቱ ቅሬ ላይ አቶ ተሾመ ያንተን አይከፍሉልህም፣ እዚህ ላይ ይከፍሉልሃል። ደመወዝህ አራት ሺህ ነው። ሰባቱ በመቶ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ነው። ግማሹን አበል ካልነው መቶ አርባ ብር ኪስህ ገባች። እሳቸው ግን ሁለት መቶ ሃያ ብር ቀረላቸው። ባንተ ማመልከቻ ኻንተ የበለጠ የሚጠቀሙት እሳቸው ናቸው። ጡረታህ ደግሞ የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ፣ በሁለት ሺው ነው። ሚስትህን ኸድጃንና ሁለቱን ልጆችህን አስብ።»

«ኧረ አትግደዪኝ፣ እትዬ! ገና አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«እድሜህን ያርዝመው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ፔሮል አልጽፍም።» ወደ አቶ ተሾመ ዞሩ። «እርስዎም የሚጽፍልዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

አቶ ተሾመ ፊታቸው ቀላ። ግን አላባረሯቸውም። ገቢዎች ሄዶ ከእሳቸው በቀር የሚደመጥ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። እኛ ግን አኮረፍን። መቶ አርባ ብራችንን የበሉት እሳቸው ይመስል ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳናቸው፤ «ወይዘሮ ሰባት በመቶ» የሚል ስምም ያወጣንላቸው ያኔ ነው። ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ዐሥራ አንዱንስ ለማን ሰጣችሁት?»

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ቀርቦ ያ የሽሽት ሰሞን መጣ። ሐይቅ በአንድ ቀን ባዶ ሆና ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ ደሴ ጎረፈ። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ በግ የሚጎትት አለ። እትዬ ሐዋን ከከተማው መውጫ ላይ አገኘኋቸው፤ እስከ አንገቱ የሞላ የዱቄት ከረጢት ተሸክመው ጎብጠው ይሄዳሉ። ተቀበልኳቸው። ከባድ ነው። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ለመንገድ ስንቅ አስበዋል ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ዛፍ ሥር ስናርፍ ሁለት ልጆች የያዘች ሴት ቀረብ ብላ «እናቴ፣ ኸዱቄቱ ትንሽ ለነዚህ ልጆች?» አለቻቸው። እትዬ ሐዋ ላብ በላብ ሆኑ። «ወላሂ ዱቄት አይደለም፣ የኔ ልጅ» ብለው የከረጢቱን አፍ ፈቱት። ወረቀት ነው። የእያንዳንዳችን የቅጥር ፎርምና በየወሩ የጡረታ መዋጮ የገባበት ደረሰኝ። በዙሪያው የነበረ ሰው አንገቱን አስግጎ ዐየ፤ ከዚያ አንዱ ሽማግሌ መሳቅ ጀመሩ፤ ሴትዮዋም ሳቀች፣ ሁላችንም ሳቅን። በዚያን ቀን የሰማሁት ብቸኛ ሳቅ እሱ ነው። እትዬ ሐዋ ጉያቸው ውስጥ የነበረችውን ዳቦ አውጥተው ለልጆቹ ሰጡ።

«ሰው ልብሱን ይዞ ይሸሻል እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ልብስ ገበያ አለ። ይኼ የት ይገኛል?»

ስንመለስ የቢሮው በር ተገንጥሎ፣ ኮምፒዩተሩ ተወስዶ፣ የቀረው ወረቀት ግቢው ውስጥ ዝናብ እየመታው ጠበቀን። አቶ ተሾመ ያንን አዩ፣ ከዚያ የእትዬ ሐዋን ከረጢት አዩ። በማግሥቱ ለእትዬ ሐዋ ቢሮ አዲስ የብረት ቁም ሣጥን አስመጡ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ይማም አንድ ሰኞ ሆዴን አመመኝ ብሎ ከሥራ ቀረ። ሐሙስ ቀበርነው።

ኸድጃ በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ጃኬቱን ልትወስድ መጣች። ጃኬቱን ታቅፋ ቆማ «እንግዲህ እኔ ወደ አምባሰል ወደ ወንድሜ ልግባ፤ ልጆቹን አንዱን አንዱ ዘመድ ይያዝልኝ» አለች። እትዬ ሐዋ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧት። «የትም አትገቢም። የጋብቻ ወረቀትሽንና የልጆቹን የልደት ካርድ ይዘሽልኝ ነይ።»

ደሴ ጡረታ ቢሮ የሄዱት ደስ ብሏቸው ነው። ሲመለሱ ግን ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ያን ቀን ወፍጮው መብራት ጠፍቶበት ግቢው ጭር ብሏል፤ እሳቸው ግን ሲናገሩ ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይማም እኛ ጋ የሠራው ስድስት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ውጫሌ አንድ ወፍጮ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቶ እዚያም ጡረታ ተከፍሎለታል። በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት ዓመት። ግን የውጫሌው «ኢማም አሊ» ብሎ መዝግቦታል፤ የእኛው «ይማም አሊ»። ሁለት ስም፣ ሁለት የጡረታ ቁጥር፣ ሁለት ሰው። አንዱም ሰው ዐሥር ዓመት አልሞላም። ዐሥር ዓመት ካልሞላ ደግሞ አንድ ጊዜ የምትሰጥ ገንዘብ እንጂ በየወሩ የሚከፈል ጡረታ የለም። የቢሮው ሠራተኛ በትሕትና «አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡልኝ፣ አገናኘዋለሁ» ብሏቸዋል።

«ሲቀጠር የድሮ ቁጥርህን አምጣ ብዬ አልጠየቅሁትም» አሉኝ። «ሰዉን ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ እሱን አልጠየቅሁትም። ተሰማምተን ስንሳሳቅ ዘለልኩት።»

በማግሥቱ ኸድጃን አስጠርተው ይህንኑ ነገሯት። ሰበብ አልጨመሩም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሏት። ኸድጃ እጃቸውን ያዘችና «አብሽሪ፣ እትዬ» አለቻቸው። ባሏ የሞተባት እሷ፣ የምታጽናናው እሷ። እትዬ ሐዋ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በሳምንቱ እሳቸውና እኔ ውጫሌ ሄድን። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ ሞተዋል። ሚስታቸው፣ አንዲት ከዘራ የያዙ አሮጊት፣ ከበሩ ላይ ሆነው «የሞተ ሰው ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» አሉ።

«ያልሞቱ ልጆች አሉት፣ እናቴ» አሉ እትዬ ሐዋ።

አሮጊቷ ቁልፉን ከአንገታቸው ላይ ፈትተው ሰጡን። ጓዳው ውስጥ የቆየ ቀፎ፣ የተሰበረ ሚዛንና እስከ ጣሪያ የተከመረ ካርቶን አለ። ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት ፈተሽን። እትዬ ሐዋ ያስነጥሳሉ፣ «አልሀምዱሊላህ» ይላሉ፣ ካርቶን ይገለብጣሉ፣ ደግመው ያስነጥሳሉ። እኔ ተስፋ ቆርጬ በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ። እባብ የነደፋቸው መስሎኝ ዘልዬ ገባሁ።

የቅጥር ፎርም ነው። «ኢማም አሊ» ይላል፤ የእናቱ ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ የሚስት ስም ኸድጃ፣ ሥሩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ። ጥግ ላይ ደግሞ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ይማም ነው፤ ግን ጎፈሬው ከፎቶው አልፎ ይሄዳል። እኛ የምናውቀው መላጣውን ነው።

«ያ አላህ፣ ይኼ ሁሉ ፀጉር የት ሄደ?» አሉ እትዬ ሐዋ። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው በዱቄቱ ፋንታ በአቧራ የነጣ ፊታቸው ላይ ወረደ።

ያ ፎርም፣ ከረጢት ውስጥ ተሸክመውት የሸሹት የእኛው ፎርም፣ የቀበሌ ምስክር፤ ሦስት ጊዜ ደሴ ምልልስ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ሆኑ። ለኸድጃ የባሏ ጡረታ ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት እጅ ተደርጎ አንዱ እጅ በየወሩ እንዲከፈል ተወሰነ። ብዙ ገንዘብ አይደለም። የቤት ኪራይና የልጆቹን ደብተር ግን ይችላል፤ ልጆቹም በየዘመዱ አልተበተኑም።

የመጀመሪያውን የተቀበለች ዕለት ኸድጃ አንድ ማሰሮ ማር ይዛ ፋብሪካው መጣች። «እትዬ፣ ይኼን ገንዘብ ማን ሰጠኝ ልበል? ለማን ዱዓ ላድርግ?»

«ሰባቱን ይማም ነው የሰጠሽ» አሉ። «ዐሥራ አንዱን አቶ ተሾመ ናቸው። ሳይወዱ።»

አቶ ተሾመ ከበሩ ላይ ሰምተው ኖሮ «ይሁን፣ ለኔም ዱዓ አድርጊልኝ፣ ሳልወድም ቢሆን» አሉ። ማሩን ሁላችንም በላነው።

እትዬ ሐዋ ራሳቸው ስልሳ ሞልቷቸው ከሥራ ሲወጡ በመጀመሪያው የጡረታ ክፍያቸው ሐይቁ ዳር ወስደው ዓሣ አበሉን። ዓሣው እስኪጠበስ አጥማጆቹን ይዘው «እናንተስ? የተቀጠራችሁት ተመዝግባችኋል?» እያሉ ሲያፋጥጧቸው ዓሣው አረረ። እሱኑ በላን።

እኔ ከዚያ ወደ ደሴ ሄድኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ነው። ሰውነታቸው አልቆ ድምፃቸው ብቻ ቀርቷል።

«አዲሱ አሠሪህ ጡረታ ይከፍልልሃል?»

«ይከፍላል፣ እትዬ።» ውሸቴን ነው። ሦስት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰውየው ደግ ነው፣ ላስቀይመው አልፈለግሁም።

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«ስልኬ ላይ ነው ያለው። ስልኬ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ...»

በዚያች ቅጽበት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። እትዬ ሐዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ልጃቸው ውኃ ሰጠቻቸው። ጉሮሯቸውን አጥርተው እጄን ያዙኝ። «ጠይቀው፣ አንተ ልጅ። ሰው ጠይቆ አይሞትም።»

በሚቀጥለው ወር እጠይቃለሁ አልኳቸው። በሚቀጥለው ወር እሳቸው አልነበሩም።

ከሰደቃው በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የመደብሩን አራት ሠራተኞች ይዤ ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ። የምንፈልገውን ነገርኩት፤ ስንት ከእኛ፣ ስንት ከእሱ፣ በስንት ቀን ውስጥ ገቢ እንደሚሆን። ሰውየው እስክጨርስ ጠበቀ።

«አንተ ሐይቅ ዱቄት ፋብሪካ ነበርክ አይደል?»

«አዎ።»

«የሐዋ ሠራተኛ ነበርክ በለኛ!» ግንባሩን አሸ። «ወንድሜ እዚያ ሱቅ አለው። ሦስቱን ሠራተኞቹን እስኪያስመዘግብ ድረስ እንቅልፍ ነሳችው። ለመሆኑ ደህና ናት?»

«ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው» አልኩት።

እጁ ግንባሩ ላይ እንዳለ ቀረ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ባዶ ወረቀት አወጣ።

«ስንት ናችሁ?»

«አምስት።»

«ኸዚህ ወር ይጀምራል፤ ስማችሁን ጻፍ» አለና እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝ።